ከፍግ እስከ ዩሪያ፦ የእንጦጦና የየካ አፈር ታሪክ

በሸዋ ደጋ የከብት እበትን እርሻና ምድጃ ሲሻሙት ኖረዋል። ማለዳ ከበረት የሚጠረገው አዛባ ጓሮ ከተደፋ ፍግ ሆኖ ጎመኑንና ገብሱን ያፋፋል፤ ከጭድ ጋር ተለውሶ፣ ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደግሞ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የእንጨት መኖርና አለመኖር ነበር። ዛፍ ባለበት እበት ወደ ማሳ ይወጣል፤ ዛፍ ባለቀበት ወደ ምጣድ ሥር ይገባል። ከማዳበሪያ ስለሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ ዛሬ የሚነገረው ነገርም፣ ቢያንስ በእንጦጦ ዙሪያ፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ተራራው የጥድና የወይራ ደን ነበረው። ቤተ መንግሥቱ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ የሠራዊቱ ሰፈርና የሺህ ምድጃ ማገዶ ያን ደን በጥቂት ዓመታት ጨረሱት። ከተማው በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውሃ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም እጥረቱ ባሰ እንጂ አልቀለለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ዘሩ በ1887 ዓ.ም. ገደማ እንደገባ ይነገራል፤ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከእንጦጦ እስከ የካ ሚካኤል ኮረብታ ያለው ገደል ሁሉ በአንድ ትውልድ ውስጥ በዚሁ ዛፍ ተሸፈነ።

ዛፉ የእንጨት ጥያቄን መለሰ፤ የአፈርን ግን በግማሽ ብቻ። ከተራራው በጀርባቸው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ኮተቤ የሚወርዱት ሴቶች ከዛፉ ሥር የረገፈውን ሳይቀር ጠርገው ይወስዱ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ለመጋገር የሚመረጥ ማገዶ ነው፤ ከአፈሩ የተወሰደውን ንጥረ ነገር መልሶ ለአፈሩ የሚሰጠውም እሱው ነበር። ባሕር ዛፍ አፈር አደኸየ እየተባለ ከሚቀርብበት ክስ ጥቂት የማይባለው በመጥረጊያው ላይ መውደቅ ይገባው ነበር። ከተራራው ባሻገር፣ ዛፍ በሌለው ሜዳ፣ ገበሬው ኩበቱን ማንደድና ትርፉን ለከተሜው መሸጥ ቀጠለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ለገጠር ደን ልማት ያቀረቡት ዋና ምክንያትም ይኸው ነበር፤ ዛፍ ይተከል የተባለው እበቱ ወደ እርሻ እንዲመለስ ነው።

በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ሌላ ልማድ ነበር፤ አፈሩን ራሱን ማጋየት። ለዓመታት ጦም ያደረ መሬት በበጋ ይታረስና ጓሉ ይከመራል፤ ከክምሩ ሆድ ደረቅ ኩበት ተከትቶ እሳት ይለኮስበታል። ክምሩ ለቀናት እየጤሰ ከበሰለ በኋላ የቀላው አፈር ተበትኖ ገብስ ይዘራበታል። ሙቀቱ አፈር ውስጥ የታሰረውን ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ሰብሉ በቶሎ በሚወስደው መልክ ስለሚፈታው የመጀመሪያው ዓመት ምርት ጥሩ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት መሬቱ ይደክማል፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ማረፍም ያስፈልገዋል። በአየር ንብረት ሚዛን ሲታይ ከዚህ የከፋ የማዳበር ዘዴ ማግኘት ይከብዳል፤ ዘመናት ያጠራቀሙት ካርቦን በአንድ ሳምንት ጢስ ይሆናል። ገበሬው ግን ሌላ አማራጭ አልነበረውም፤ ልማዱ የቀነሰውም የሚያርፍ መሬት ሲጠፋና ማዳበሪያ ሲመጣ ነው።

ፋብሪካ የሠራው ማዳበሪያ ወደ አነስተኛ ገበሬዎች በሰፊው የገባው በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሠርቶ ማሳያ ማሳዎችን ከፈተ፤ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ቀጥሎም የአነስተኛ ፓኬጅ ፕሮግራም ዳፕና ዩሪያ የተባሉትን ማዳበሪያዎች በመንገድ ዳር ላሉ ወረዳዎች አዳረሰ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ፕሮግራም ያሳየው ውጤት አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሆነ። ምክሩ ለሁሉም አንድ ነበር፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለጎጃም ቀይ አፈርም፣ ለአዳአ ጥቁር አፈርም፣ ከየካ በታች ላለው ዋልካም ያው ነበር።

የዚህ ወጥነት ዋጋ በጋዝ ሊሰላ ይችላል። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን ይይዛል። ለሒሳብ እንደሚወሰደው 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ቢተን ወደ 0.7 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ስለሚያሞቅ 200 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው፤ ዩሪያው ራሱ ሲፈራርስ ሌላ 73 ኪሎ ይጨምራል። ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ ደግሞ ኪሳራው ከፍ ይላል፤ አየር ያጣ አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ገበሬው በክረምት የበተነው ገንዘብ ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው።

ለዚህ መፍትሔው አገር ውስጥ ነበር። የእነዋሪ ገበሬዎች ዋልካቸውን በእጅ እየቆለሉ ሰፋፊ መደብ ይሠሩ ነበር፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴውም መደቡ ላይ ይበቅላል። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ ይህንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ። ዓላማው ምርት ነበር፤ የጠነፈፈ መሬት ላይ የተሰጠ ናይትሮጂን ግን ጋዝ ከመሆን ይልቅ ፍሬ የመሆን ዕድሉ የሰፋ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ገጠሙ። የአገሪቱን አፈር በየወረዳው የመረመረው የካርታ ሥራ ተጀመረ፤ ብዙ ቦታ ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን እንደሚጎድል ሲታይም ዳፕ ድኝ ባለው ኤንፒኤስ በተባለ ማዳበሪያ ተተካ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አገሪቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የለቀቀችውን ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን አድርጎ አሰላው፤ ከዚህ ውስጥ የሰብል ልማት ድርሻ 12 ሚሊዮን ያህል፣ የከብቶች 65 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ገበሬ ማዳበሪያ ይቀንስ ማለት አጉል ምክር ነው፤ የሚሰጠው ትንሽ ነውና። ተገቢው ዩሪያውን አንድ ጊዜ ከመበተን ሰብሉ በሚፈልግበት ጊዜ ከፋፍሎ መስጠት፣ መሬቱን ማጠንፈፍና ፍጉን መመለስ ነው። ፍግም ቢሆን ረጥቦና ታፍኖ ከተከመረ ሚቴን ይለቃል። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትግራይ ኮምፖስት ያስተማሩት እነ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ክምሩ እንዲገላበጥ ያሳሰቡት በከንቱ አልነበረም።

በየካ አሁን የሚታረስ መሬት ጥቂት ነው። ስንዴና ጤፍ ይዘራበት የነበረው የየካ አባዶ ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ እንጦጦ በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ተከፍቶበታል፤ በብዙ ቤት እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመትከል ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። የማገዶው ችግር በከተማዋ ቀለል ቢልም እህል በሚያመርተው ደጋ ኩበት ዛሬም ይነድዳል።