የሄርፒስ ቫይረስና የሰው ዘር ጥንታዊ ጉርብትና

በከንፈር ዳር የሚፈላውን ቁስል የኢትዮጵያ ሕዝብ «ምች» ብሎ ይጠራዋል፤ ዳማ ከሴም ይታከምበታል። የቁስሉ ምክንያት አንደኛው ዓይነት የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ አንድ ጊዜ ከገባ በነርቭ ውስጥ ተሸሽጎ ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ስለዚህም ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ከተሸካሚው ዘር ጋር አብሮ ይዘልቃል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የሰውንና የቺምፓንዚን ቫይረሶች ጂኖም አስተያይቶ፥ አንደኛው ዓይነት ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ ሁለቱ ዘሮች በተለያዩበት ዘመን፥ ከቺምፓንዚው ቫይረስ እንደ ተለየ ገምቷል። በአብዛኛው በአባለ ዘር ላይ የሚወጣው ሁለተኛው ዓይነት ግን ለቺምፓንዚው ቫይረስ ይበልጥ ይቀርባል፤ መለያየታቸውም ከ1.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንግዲህ ይህኛው ከጥንት አባት የተወረሰ ሳይሆን ከሌላ ፍጥረት የተሻገረ ሆኖ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት አሻጋሪው ፓራንትሮፐስ ቦይዚ ሳይሆን እንዳልቀረ አመልክቷል። የዚህ ፍጥረት ቅሪት በኮንሶም ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ማስረጃው የስሌት እንጂ የአጥንት አይደለም፤ በተጨማሪም ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ሰው ሲገናኙ የጂኖማቸውን ክፍል ስለሚለዋወጡ የትውልድ ሐረጋቸው ይወሳሰባል። ስለዚህ የበሽታን ሐረግ ይዞ የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከአባት የመጣውን ከጎረቤት ከመጣው አስቀድሞ መለየት ይገባዋል።