ብቻውን ለምርጫ የሚቆም ሰው

በየምርጫው እየቀረበና እየተሸነፈ፣ ዳግመኛ ስሙን ለማስመዝገብ የማይታክተውን ሰው የዛሬ አንባቢ እንደ ቧልተኛ ይቈጥረዋል፤ በእንግሊዝ አገር ራሱን «ሎርድ» ብሎ የሠየመው ዘፋኙ ዴቪድ ሰች፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በ1999 እስኪሞት ድረስ 40 ጊዜ ያህል ተወዳድሮ አንድ ጊዜም ለፓርላማ ሳይበቃ መቅረቱ፣ ማኅበሩንም በዕብድ ስም መጥራቱ፣ ይህን ግምት ያጸናል።

በእኛ ዘንድ ግን ብቻን መቆም የሁሉ ዕጣ የነበረበት ዘመን አለ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ሲፈቅድ፣ የፖለቲካ ማኅበር ግን በሕግ የታወቀ ስላልነበረ፣ ከ1950 መባቻው ምርጫ አንሥቶ እስከ 1965ቱ ድረስ ማንም ተወዳዳሪ የሚቀርበው በገዛ ስሙ፣ በገዛ ገንዘቡና በወዳጆቹ ብዛት ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሱት በዚህ መንገድ ነው።

ሕጉ ተወዳዳሪው በምርጫ ወረዳው ነዋሪና ባለ ንብረት እንዲሆን ያዝዝ ስለ ነበር፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ፣ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ካዛወሩት ወዲህ የነጋዴ መናኸሪያ በሆነው፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብር ዙሪያ ባለው ሰፈር የዕጩነት በር ለባለ ቤቱና ለባለ ሱቁ ተከፍቶ ለተከራዩ ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለ ሰፈር ሰው የሚመዘነው በፕሮግራሙ ሳይሆን በዕድሩ፣ በዕቁቡና በማኅበሩ ነውና፣ የተሸነፈውም ዕጩ ከጎረቤቶቹ ፊት አይጠፋም፤ ታዲያ ተመልሶ ቢቀርብ ምን ያስገርማል?

እንደራሴነቱ ያን ያህል አያስጎመጅም ነበር፤ ሚኒስትሮቹንም የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባላትም የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩና። ሆኖም እንደራሴዎቹ ሥራ ፈት አልነበሩም፤ በ1960 በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ላይ ከመንግሥት ጋር እጅግ ተከራክረዋል።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ምክር ቤቱን በተነ። ምርጫ በፓርቲዎች ፉክክር ከተመለሰ በኋላ የግል ዕጩ የሚጠየቀው በንብረት ፈንታ የደጋፊዎችን ፊርማ ሆነ፤ በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግን ከ547ቱ ወንበሮች ለግል ተወዳዳሪ የደረሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በካፋ ቦንጋ የዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ነበር።