የመራጮች መዝገብ በድሬዳዋ፦ የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚመረመር

የመራጮች መዝገብ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሥር በየምርጫ ጣቢያው የሚደራጅ ሰነድ ነው። በድሬዳዋ አስተዳደር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 2 የምርጫ ክልሎች ያሉ ሲሆን፣ መራጩ ስሙን የሚያገኘው በተመዘገበበት ጣቢያ መዝገብ ነው።

ለመመዝገብ ኢትዮጵያዊ ዜግነት፣ ቢያንስ 18 ዓመት ዕድሜና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ለሥራ ወይም ለንግድ በቅርቡ ወደ ከተማዋ የመጣ ነዋሪ የመጨረሻውን መስፈርት አስቀድሞ ሊያጤን ይገባል።

ምዝገባው ሲጠናቀቅ መዝገቡ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። መራጩ በዚህ ጊዜ በመዝገቡ የሰፈረውን መረጃ ከመራጭነት ካርዱ ጋር ያመሳክራል። ስሙ ከተዘለለ ወይም መመዝገብ የማይገባው ሰው ተመዝግቦ ካገኘ፣ አቤቱታውን በቅድሚያ ለምርጫ ጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል።

ያልተመዘገበ ሰው ድምፅ መስጠት ስለማይችል፣ ስህተትን በድምፅ መስጫው ዕለት ሳይሆን መዝገቡ ይፋ በሆነበት ጊዜ ማሳረም ያስፈልጋል።