ለጓሮ አትክልት ከፍ ያለ መደብ፦ በምን እንሥራው?



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የሚተከልበት ግቢ ብዙ ነው። ችግሩ የሚመጣው በክረምት ነው። በተለይ በሱሉልታ ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ውሃ ያቁራል፣ የአትክልቱም ሥር ይበሰብሳል። መፍትሔው መደቡን ከመሬት ከፍ ማድረግ ነው። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች መረሬውን በእጃቸው እያነሡ ሰፋፊ መደብ ይሠራሉ፣ ውሃው በመካከሉ ባለው ቦይ ይወርዳል። በጠባብ ግቢ ግን አፈሩን የሚይዝ ግድግዳ ያስፈልጋል። የግድግዳው ምርጫ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፈሩን የነካ ነገር ወደ ማዕዳችን ሊደርስ ይችላል።

መጠን፦ ከሁለቱም ጎን እጅ እንዲደርስ ወርዱ ከ1.2 ሜትር አይብለጥ። ቁመቱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለካሮትም ይበቃል።

ድንጋይ፦ በአካባቢው የሚገኝ ጥቁር ድንጋይ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይበላውም። መረሬ ሲረጥብ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ግድግዳውን ይገፋል። ስለዚህ ከሥሩ ጠጠር ማንጠፍ፣ ድንጋዩንም ያለ ሲሚንቶ መደርደር ይሻላል፤ ውሃውም በክፍተቱ ይወጣል።

ብሎኬት፦ ውስጡ 2 ሜትር በ1 ሜትር ለሆነ መደብ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎኬት ለአንድ ዙር 17፣ ለሁለት ዙር 34 ያስፈልጋል። አዲስ ብሎኬት ኖራማ ስለሆነ አስቀድሞ ደጋግሞ ውሃ ማጠጣት ጥሩ ነው።

እንጨት፦ ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፤ አፈር ውስጥ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። የሐበሻ ጥድ የተሻለ ይቆያል። ምስጥ ለመከላከል ብለን የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምንቀባው ልማድ ለአጥር ይሁን እንጂ ለአትክልት መደብ አይሁን። ዘይቱ ከባድ ብረቶችና ሌሎች ጎጂ ነገሮች ስላሉበት አፈሩን ይበክላል። ያልተቀባው እንጨት ቢበሰብስ በሌላ መተካት ይቻላል፤ የተበከለ አፈር ግን በቀላሉ አይጸዳም።

ጆንያ፦ በኪራይ ቤት ለምንኖር ምቹ ነው፤ ቤት ስንቀይር ይዘነው እንሄዳለን። ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። የፕላስቲክ ጆንያ ፀሐይ ስለሚያደቀው፣ መቆራረጥ ሲጀምር ክሩ ከአፈሩ ሳይቀላቀል እንቀይረው።

ከምግብ የምናርቀው፦ በኬሚካል የተነከረ የመብራት ምሰሶ እንጨት አንጠቀም። መዳብ፣ ክሮምና አርሴኒክ ባለበት ኬሚካል የተነከረ እንጨት፣ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት አገልግሎት አይቀርብም። አሮጌ ቀለም ያለው በርና መስኮት እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የፀረ ተባይ ዕቃ ቢታጠብም አይሆንም። አሮጌ ጎማ ደግሞ ለአበባ ይቅር።

አፈሩም ከፋብሪካ በታች ካለ ወንዝ ዳር አይወሰድ። ከንጹሕ ቦታ የመጣ አፈር በደንብ ከተብላላ ፍግ ጋር ይቀላቀል። ድንጋይም ሆነ እንጨት ከሰው ይዞታ ስናነሣ ባለቤቱን እናስፈቅድ። በበጋ ደግሞ የውዱእ ውሃ ሳሙና ስለሌለበት በባልዲ ተጠራቅሞ መደቡን ያጠጣል።

ማጠቃለያው ይህ ነው፦ ቤቱ የራሳችን ከሆነ ድንጋይ፣ ኪራይ ከሆነ ጆንያ እንምረጥ። ምንነቱን የማናውቀውን ዕቃ ግን በነፃ ቢሰጠንም እንተወው። አላህ በረካ ያድርግልን።