የዐድዋ ጥይትና የመንጋጋ ራጅ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መንገደኛ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ውርጌሳ ናት። ይህችን አነስተኛ ሐተታ ያሰናዳን እኛ በዚችው ከተማ ያደግንና ዛሬ ለጥርስና ለመንጋጋ ራጅ ፈተና የምንዘጋጅ ተማሪዎች ነን። ትምህርቱን ከታሪክ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጎረቤታችን በውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጽ ትርጕም የተነሣ ወደ ጦርነት እንዳደረሰ የማያውቅ ተማሪ የለም። ያው ጦርነት በራጅም ታሪክ ውስጥ ስፍራ እንዳለው ግን ብዙዎቻችን አናውቅም፤ ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ቪልሄልም ሮንትገን አዲሱን ጨረር ያየው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ ከተነገረ ገና ሁለት ወር አልሞላውም፤ ከዚያች ቀን እስከ ዐድዋ ድል ድረስም የነበረው 114 ቀን ብቻ ነው። በሜይ 1896 እ.ኤ.አ. ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ የተባለው ሐኪም በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል፥ በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉትን የሁለት ወታደሮች ክንድ በራጅ አንሥቶ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ አገኘ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነው ይባላል። «ራጅ» የምንለውም ቃል ራሱ ጨረር ማለት ከሆነው ከኢጣልያኖች «ራጂ» የመጣ ነው። የውጫሌው ቃል አጣላን፤ ይኸኛው ግን በሰላም ቤተኛ ሆኖ ቀረ።

ጥርስ ግን ጥይትን ቀድሞታል። በዚያው በጥር ወር 1888 ዓ.ም.፥ ዐድዋ ሳይደርስ፥ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለው ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የገዛ መንጋጋውን በራጅ አነሣ። ለዚህም 25 ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃነቅ መቈየት ነበረበት፤ ዛሬ ከአንዲት ሴኮንድ ክፋይ አይበልጥም።

የራጅ ፊልም ጥላ እንጂ ሥዕል አይደለም። ጥቅጥቅ ያለው ነገር ጨረሩን ስለሚያግደው በፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ጨረሩን የሚያሳልፈው ግን ይጠቁራል። ስለዚህ የእርሳስ ጥይት ከአጥንት ይልቅ ይነጣል። ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረው የጥርስ ሽፋን፥ ኢናሜል፥ በክብደቱ 96 ከመቶ ያህል ማዕድን ስለሆነ ከመንጋጋው አጥንት ይበልጥ ይነጣል። የተቦረቦረ ጥርስ ጥቁር ጕድጓድ ያሳያል፤ ነገር ግን ከ30 እስከ 40 ከመቶ የሚሆነው ማዕድን ሳይጠፋ ጕድጓዱ በፊልም ላይ በግልጽ አይለይም። እንግዲህ ፊልሙ ንጹሕ ነውና ጥርሱ ጤነኛ ነው ብሎ የሚመልስ ተማሪ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ችግር ጥላ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። ያገራችን ወጌሻ የተሰበረን አጥንት በአንድ ወገን ብቻ ዳስሶ አይፈርድም፤ አገላብጦ ይዳስሳል እንጂ። ሲ. ኤ. ክላርክ በ1910 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ፥ ያልበቀለ ጥርስ በጉንጭ በኩል ነው ወይስ በምላስ በኩል የሚለውን በሁለት ፊልም ይለያል። ሁለተኛው ፊልም ሲነሣ የጨረሩ ቱቦ ወደ ጎን ፈቀቅ ይደረጋል፤ ከቱቦው ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ የሄደው በምላስ በኩል፥ ወደ ተቃራኒው የሄደው በጉንጭ በኩል ያለው ነው። ይህ ሕግ በቃል ሲጠና ይጠፋብን ነበር። ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በመኪና ስንመለስ ግን በመስኮት ተመለከትነው፤ በመንገዱ ዳር ያለው ግራር ወደ ኋላ ይሸሻል፥ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ አብሮን ይጓዛል። ግራሩ ጉንጭ፥ ተራራው ምላስ ነው። ከዚያ ወዲህ አልረሳነውም።

በኒው ኦርሊንስ የነበረው የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፊልሙን በገዛ ጣቶቹ እየያዘ ብዙ ዘመን አገልግሎ በካንሰር ምክንያት በመጀመሪያ ጣቶቹን፥ በኋላም ክንዱን አጣ። ዛሬ አንሺው ፊልም በእጁ አይዝም፤ ርቆም ይቆማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳልና።

በአገራችን ለአንባቢ የሚቸግረው ፊልም ግን ግግ የወጣለት ሰው ፊልም ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ያበጠው ድዱ ተወቅሶ ያልበቀለው ክራንቻ ይነቀላል፤ ከሥሩ ያለው የቋሚው ጥርስ ጽንስም አብሮ ይጎዳል። ከጸሐፊዎቹ የአንዳችንን ፊልም ለልምምድ ስናነብ በግራ ታችኛው መንጋጋ ክራንቻው አጥሮና ጎብጦ አገኘነው። አንዱ እጢ ነው አለ፥ ሌላው በልጅነት የወደቀ ይሆናል አለ፤ መጽሐፉንም ገልጠን ተከራከርን። ባለፊልሙ ለክረምት ውርጌሳ በገባ ጊዜ እናቱን ቢጠይቃቸው፥ «ግግህን ያስወጣሁልህ በአራት ወርህ ነው፤ ታምመህብኝ» አሉት።