ወለቃ ላይ የቀረ ስም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ ከተማውን ብዙም ሳትርቁ ወለቃን ታገኛላችሁ። መንገድ ዳር የሸክላ ምስሎች የሚሸጡበት ነው። ብዙዎቻችን «የፈላሻ መንደር» እንለዋለን። የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ እስቲ በዚህ ስም ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቃሉ «ፈለሰ» ከሚለው የግእዝ ግስ ጋር ይዛመዳል፤ ስደተኛ፣ አገር የለሽ እንደ ማለት ነው። ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩት ቤተ እስራኤል ብለው ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ድል ካደረጓቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን አወጁ ተብሎ ይተረካል። ርስት ያጣ ሰው የሚቀረው እጁ ነው። ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። እኛ በማረሻቸው አርሰን፣ በምጣዳቸው ጋግረን «ቡዳ» አልናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አልን። በሽተኛ ሲለፈልፍ «ማን በላህ?» ይባል ነበር፤ የሚጠራውም ስም ብዙ ጊዜ የአንድ ቀጥቃጭ ወይም የአንዲት ሸክላ ሠሪ ነበር።

ዛሬ ለዚህ «የጥላቻ ንግግር» የሚል ስያሜ አለን። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሆን ተብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል፤ ጥቃት ካስከተለ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። «ሆን ተብሎ» የሚለውን ልብ በሉ። አያቴ ሸክላ ሠሪ ፊት እንዳልበላ የምትከለክለኝ ስለምትወደኝ ነበር። እርሷን የትኛው ዳኛ ያገኛታል?

የእኛም ቤት ከዚህ ንጹሕ አይደለም። ለቤተ እስራኤል ወንጌል ሊሰብክ የመጣው ሄንሪ ስተርን በ1862 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ርዕሱ ላይ «ፈላሾች» ይላቸዋል። ስድብ መሆኑ አልታየውም ይሆናል። እኛ ግን ሊገባን ይገባ ነበር፤ «ጴንጤ» የሚለው ቃል በደርግ ዘመን በወላጆቻችን ላይ እንዴት ይወረወር እንደነበር ሰምተን አድገናል። ዛሬ እየሳቅን ራሳችንን እንጠራበታለን፤ ቤተ እስራኤል ግን «ፈላሻ»ን እንዲህ አላደረጉትም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። አሁን ወለቃ ላይ ሸክላውን በአብዛኛው የሚሠሩትና የሚሸጡት ጎረቤት የነበሩት ክርስቲያኖች ናቸው። ባለፈው የሰንበት ትምህርት ልጆችን ይዤ ስሄድ አንዲት ልጅ ሻጯን «እትዬ፣ እርስዎ ፈላሻ ነዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሴትዮዋ ሲስቁ ቆይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ኧረ ወግጂ! እኔ ክርስቲያን ነኝ» አሉ።