እንግዶቿን ዓሣ ያሳመች ከተማ

በረራ ዘገየ ሲባል መጀመሪያ የሚያልቀው ምንድን ነው? ትዕግሥት እንዳትሉኝ። መጀመሪያ የሚያልቀው የሞባይል ባትሪ ነው። ቀጥሎ ወሬ ያልቃል፣ ቀጥሎ በየቦርሳው የተያዘው ቆሎ። ትዕግሥት አራተኛ ላይ ነው የሚመጣው። በቡድን የሚጓዝ ሰው ይህን ያውቃል፤ አምስተኛው ሰዓት ላይ መጫወቻ ካርታ የያዘው ልጅ የቡድኑ ንጉሥ ይሆናል።

ታዲያ ከሞባይል በፊት የነበሩት መንገደኞች ይህን ጊዜ እንዴት ይገፉት ነበር? ታሪኩ ከምታስቡት በላይ ይጣፍጣል። እውነቴን ነው፣ ይጣፍጣል።

1943 ላይ (ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከአየርላንድ ፎይንስ ወደ አሜሪካ የተነሳ አንድ የውሃ ላይ አውሮፕላን የአየሩ ጠባይ ከፍቶበት ተመለሰ። መንገደኞቹ በብርድ ተቆራምደዋል። ጆ ሸሪዳን የተባለው የወጥ ቤት አለቃ ቡናው ላይ ውስኪ ጠብ አደረገበት፣ ከላይ ክሬም ደፋበት፤ አይሪሽ ኮፊ እንዲህ ተወለደ ይባላል። ብርድ የመታውን እንግዳ በቡና መቀበል የእኛ ብቻ ሙያ መስሎን ነበር፣ አይደል?

አራት ዓመት ቆይቶ፣ 1947 ላይ፣ እዚያው አጠገብ ባለው ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ብሬንዳን ኦሬገን የዓለምን የመጀመሪያ ከቀረጥ ነፃ የኤርፖርት ሱቅ ከፈተ። ነዳጅ እስኪሞላ የሚንጎራደደውን መንገደኛ አይቶ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሽቶ እያሸተታችሁ፣ ሳትገዙ ውልቅ የምትሉበት ሱቅ የተፈጠረው ከመጠበቅ ነው።

ከአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ጋንደር አለች፤ ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ። ማረፊያዋ በ1938 ሥራ ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ ባለፕሮፔለሮቹ አውሮፕላኖች ውቅያኖሱን ለመሻገር እዚያ ወርደው ነዳጅ መሙላት ነበረባቸው። በ1959 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ መጥተው ያማረውን የመንገደኞች አዳራሽ መረቁ። ግን ምን ያደርጋል፣ ጄት መጣ። ጄት ደግሞ ነዳጅ ሳይለምን በላይዋ ላይ ማለፍ ጀመረ። ድግሱ ሲደርስ እንግዳው ሌላ መንገድ ያዘ። ለጋንደር የቀራት ሰፊው ማኮብኮቢያዋ ነበር።

ከዚያ መስከረም 11 ቀን 2001 መጣ። እኛ ዘንድ መስከረም 1 ቀን 1994፣ እንቁጣጣሽ። ኒውዮርክና ዋሽንግተን ተመቱ፣ የአሜሪካ ሰማይ ተዘጋ፣ በአየር ላይ የነበሩ 38 የመንገደኛ አውሮፕላኖች ጋንደር ላይ ወረዱ። ከ6,500 በላይ ሰው፣ 10,000 ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ! አንዳንዶቹ አውሮፕላን ውስጥ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ያህል ተቀመጡ። ሲወርዱም ሻንጣቸው እዚያው ቀረ።

አድማ ላይ የነበሩ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌሮች አድማቸውን ትተው መንገደኛ ማመላለስ ያዙ። የበረዶ ሆኪ መጫወቻው አዳራሽ የምግብ ማቀዝቀዣ ሆነ። ስልክ በነፃ ተዘረጋ። በዕቃ ክፍል ውስጥ ውሾች፣ ድመቶች፣ ሁለት ቦኖቦዎችም ሳይቀሩ ነበሩ፤ እነሱንም የሚያበላ ተገኘ።

ታዲያ ጊዜው እንዴት አለፈ? የአንድ የዴልታ አውሮፕላን 218 መንገደኞች ሳይበታተኑ ሉዊስፖርት በምትባል ጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ አረፉ። አንዳንዶቹ በጀልባ ተንሸራሸሩ፣ ሌሎቹ ጫካ ለጫካ ዞሩ። በየመጠጥ ቤቱ ደግሞ የአካባቢው ወግ ነውና ሩም ተጎንጭተው፣ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ስመው «የደሴቲቱ ተወላጅ» ተባሉ። ከሌላ አውሮፕላን የወረዱ አንድ እንግሊዛዊና አንዲት የቴክሳስ ሴት እዚያ ተዋውቀው በዓመቱ ተጋቡ። (ዘግይቶ የሚቀር በረራ ሁሉ መርገምት አይደለም ማለት ነው።)

ለሁሉም ግን ጨዋታ አልነበረም። ልጇ የኒውዮርክ እሳት አደጋ ሠራተኛ የነበረ አንዲት እናት የስልክ ጥሪ ትጠብቅ ነበር። የራሷም ልጅ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የሆነ አንዲት የጋንደር ሴት ከአጠገቧ ሳትጠፋ ቀልድ እየነገረች አብራት ጠበቀች። ልጁ ግን ሞቶ ነበር።

የዴልታዎቹ መንገደኞች ሲመለሱ፣ ገና አየር ላይ ሳሉ፣ ለሉዊስፖርት ተማሪዎች የትምህርት ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ገቡ። አደረጉትም። በ2017 የጋንደር ታሪክ በሙዚቃዊ ቴአትር ብሮድዌይ ላይ ታየ።

መዘግየትን የሚያከብደው ሰዓቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባናል። ሰው እንደ ሻንጣ ሲቀመጥ ሁለት ሰዓት ይረዝምበታል፣ እንደ እንግዳ ሲታይ አምስት ቀን ይገፋል። እኛ እንግዳ ተቀባይ ነን ስንል አንደክምም፤ ጥሩ። የጋንደር ሰዎች ግን ሳይናገሩት ነው ያደረጉት። አሁን ባትሪያችሁ አልቆ መቀመጫ ላይ ስትቁነጠነጡ አንድ ነገር ሞክሩ፦ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ማንን እየጠበቀ እንደሆነ ጠይቁት።